ከደፉ በቀር

በዚያን ቀን ጠዋት መምህርቷ እንደ ወትሮዋ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድማ ተነሣች። የወጥ ቤቱን መስኮት ከፈተች፤ ውሃ ጣደች፤ ያረመቻቸውን የሒሳብ ፈተናዎች በላስቲክ አስራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ባሏ አንድ እግር ካልሲ በእጁ ይዞ የሌላውን ፍለጋ አልጋ ሥር ገብቷል። ልጃቸው መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ቆልፋ ጸጉሯን ታበጥራለች፤ «መጣሁ» ካለች ሩብ ሰዓት አልፏታል። ከኮሪደሩ ጫፍ ካለው ክፍል የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል፤ ሮጥ ይላል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ሮጥ ይላል። አማቷ ቢያንስ አንድ ሱሪ ሳያሳጥሩ ቁርስ በአፋቸው አይዞርም።

እስከዚህ ድረስ እንደ ማንኛውም ጠዋት ነበር። ከዚያ የስፌት መኪናው ከሰዓቱ በፊት ዝም አለ። አማቷ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ የእጅ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው መጡና የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ዛሬ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ።

«ወዴት፣ እማማ?»

«ወዴት ትለኛለች እንዴ። ባንክ ነዋ። ደፉን በገዛ ገንዘቤ ልገዛ።»

የመምህርቷ ሻይ ከአፏ ሳይደርስ ቀረ። አልጋ ሥር የነበረው ፍለጋም ቆመ። ባሏ አቧራ በነካው ጸጉሩ ብቅ ብሎ ሚስቱን አየ፤ እሷም አየችው። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነበር፤ ሻንጣው።

የሻንጣው ነገር የአሥራ አራት ዓመት ታሪክ ነው።

አማትየዋን ሰፈሩ «እማማ መርፌ» ይላቸዋል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆስፒታል የልብስ ክፍል አንሶላና ጋውን ሲጥፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን አሥራ አንድ አከራይ ቀያይረዋል፤ እሳቸው እንደሚሉት ከሆነ ግን አሥራ አንድ አከራይ ነው እሳቸውን የቀያየራቸው። አንዱ «ልጄን ልድርበት ነው» ብሎ አስወጣቸው፤ ልጁ ያኔ ገና ጥርሱን እየነቀለ ነበር። አንዷ «የስፌት መኪናሽ እንቅልፍ ነሳኝ» አለች። ሌላው ምክንያት ለማበጀት እንኳ አልደከመም፤ «ልቀቂ» ብቻ። አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉት በአንድ እጃቸው እሱን፣ በሌላው ሻንጣውን ይዘው ከበር በር ሲሉ ነው።

ያ ልጅ አድጎ በውሃ መሥሪያ ቤት የቧንቧ መስመር ንድፍ ሠሪ ሆነ፤ የሒሳብ መምህርት አገባ፤ ሁለቱ ሆነው በሃያ ዓመት የባንክ ብድር ቤት ገዙ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንደከፈሉ አሥራ አንደኛው አከራይ ኪራዩን እጥፍ አደረገ። ልጅየው ያን ዕለት እናቱን ከነስፌት መኪናቸው ይዞ መጣ።

እማማ ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ «ቤቱ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የኛ ነው» አለ ልጃቸው፤ ከዚያ እውነት መናገር አማረውና «ማለቴ፣ ከፍለን እስክንጨርስ ድረስ የባንኩ ነው» ብሎ ጨመረበት።

በዚህ አበቃ። እማማ ሳሎን ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሻንጣውን በእግሮቻቸው መሃል አቆሙ። «ለአሥራ ሁለተኛ አከራይ አልጋ አልዘረጋም» አሉ። ሦስት ቀን እዚያው ከነጫማቸው ተቀምጠው አደሩ። መምህርቷ ለመነች፤ ልጃቸው ለመነ፤ ያኔ የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረችው የልጅ ልጃቸውም ብርድ ልብሷን አምጥታ ጉልበታቸው ላይ ጣለች። አልተነቃነቁም።

በሦስተኛው ቀን ባልየው ከመሥሪያ ቤቱ የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ ገባ። ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈው። የቤቱ ፕላን ነበር፤ ለቧንቧ ሥራ በሚጠቀምበት ቀጭን ብዕር ጥንቅቅ ተደርጎ ተነድፏል። ቤቱ ከነበረንዳው ሁለት መቶ አርባ ትንንሽ ካሬ ተደርጎ ተሸንሽኗል፤ ለእያንዳንዱ ወር ክፍያ አንድ ካሬ። ከነዚያ ውስጥ አሥራ ስምንቱ በሰማያዊ እርሳስ ተቀብተዋል። የተቀቡት ደግሞ ልክ በኮሪደሩ ጫፍ ያለችውን ክፍል ነው።

«ባንኩ የሚለቀው በክፍል በክፍል ነው፣ እማማ» አለ። «እስካሁን አሥራ ስምንት ወር ከፍለናል። ያንቺ ክፍል ተለቋል።»

መምህርቷ ጣሪያውን አየች። ባንክ በክፍል አይለቅም። የመጨረሻዋ ሳንቲም እስክትከፈል ድረስ ቤቱ ከነሚስማሩ መያዣ ነው። ይህን የብድር ውሉን ስትፈርም ሦስት ጊዜ አንብባዋለች። አፏን ከፈተች፤ ከዚያ የአማቷን ያበጠ ቁርጭምጭሚት አየችና መልሳ ዘጋችው።

እማማ መነጽራቸውን አደረጉ። ከካፖርታቸው ኮሌታ ላይ መርፌ ነቅለው በጫፏ ካሬዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። አሥራ ስምንት። ሻንጣቸውን አንሥተው ገቡና እስከ ማግስቱ ረፋድ ድረስ ተኙ። ሻንጣው ግን አልተፈታም። አልጋው ግርጌ አቆሙት። «ልቀቂ ያላችሁኝ ወይም የዋሻችሁኝ ዕለት» አሉ፣ «እሱን አንሥቼ ወደ ኪራዬ ነው።»

ሲነሡ ክፍላቸው በር ላይ ቆመው ወደ ውጭ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ከዚህ እስከ መታጠቢያ ቤቱ የማን ነው?»

«የባንኩ» አለ ልጃቸው፤ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገና አልገባውም።

«ታዲያ በምን ልለፍ?»

«በእግርሽ ነዋ።»

«በሰው መሬት?»

ኮሪደሩ አምስት ካሬ ነው፤ አምስት ወር። እማማ አምስት ወር የሚጠብቁ ሰው አልነበሩም። ያን ዕለት የስፌት መኪናውን መስኮቱ ሥር አስጠግተው «ዚፕ እንቀይራለን፣ ሱሪ እናሳጥራለን» የሚል ወረቀት መስተዋቱ ላይ ለጠፉ። በሳምንቱ ሳንቲሞች በመሐረብ ቋጥረው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «የኮሪደሩ ቀብድ ነው» አሉ።

እንግዲህ ውሸት ከዋሹ አይቀር ማስተዳደር ግድ ሆነ። ባልየው ሁለት አውቶቡስ ይይዝ የነበረውን አንዱን በእግሩ አደረገው። መምህርቷ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ማስጠናት ጀመረች። በየወሩ መደበኛውን ክፍያ ከከፈለች በኋላ ሌላ ቅጽ ትሞላለች፤ ከግርጌው በጉልህ «ከዋናው ዕዳ ይቀነስ» ብላ ትጽፋለች፤ እንዲያ ካልተጻፈ ገንዘቡን ለሚቀጥለው ወር ክፍያ አስቀምጠው ዝም እንደሚሉ ሰምታለች። የምትጨምረው ገንዘብ አንዳንድ ጊዜ የሚያሳፍር ነበር። አንድ ቀን ገንዘብ ተቀባዩ ሳንቲሞቹን በጣቱ እየገፋ፣ «ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ሲላት፣ ሳታስበው «የመታጠቢያ ቤቱ ግማሽ» ብላ መለሰችለት።

በዓመቱ መጨረሻ ቁጭ ብላ ታሰላለች። ዋናው ዕዳ በቀነሰ ቁጥር ወለዱም ይቀንሳል፤ ያልከፈሉባቸው ሦስት አራት ካሬዎች ከመጨረሻው በራሳቸው ይራገፋሉ። ይህን ለአማቷ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ከሰዓት ደከመች።

«ባጭሩ ምርቃት ነው» አለች በመጨረሻ።

«እንደሱ አትይኝም? ሦስት ኪሎ የገዛ ጭማሪ ያገኛል። ይህን ለመናገር ሰሌዳ ያስፈልጋል?»

ፕላኑ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። ቀስ በቀስም የቤቱ ሕግ ሆነ። እማማ ባልተከፈለበት ወለል ላይ ሲያልፉ ጫማቸውን አያወልቁም፤ እንግዳ ናቸውና። ሕፃኗ ስታጠፋ ሮጣ ሳሎኑ መሃል ትቆምና «እማማ፣ አትመቺኝም፣ ባንኩ ጋ ነኝ» ትላለች፤ እማማም ጥፋቷን ይዘው ሰማያዊው ጠርዝ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። አንድ ጊዜ ሾርባ ስታፈስ ራሷ ፕላኑን አይታ፣ «ደግነቱ የባንኩ ላይ ነው» አለች። ከሁሉ የከበደው ሕግ የጭቅጭቅ ነበር። «በገዛ ቤታችሁ አትጣሉ» አሉ እማማ። «መጣላት ካማራችሁ ባንኩ ጋ ሂዱ።» መጀመሪያ ችግር አልነበረውም፤ ቤቱ ሰፊ የጠብ ሜዳ ነበር። ዓመቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ሜዳው ጠበበ። ሳሎኑ ተከፈለ፤ ወጥ ቤቱ ተከፈለ፤ በረንዳው ሳይቀር ተከፈለ። በመጨረሻ የቀረችው ካሬ አንድ ብቻ ሆነች፤ የውጭው በር ደፍ። ከወር በፊት ባልና ሚስት በመብራት ክፍያ ነገር ተጋጭተው እዚያች ደፍ ላይ ተጣበው ቆሙ። እሱ እጁን ለማወናጨፍ ቦታ አጣ፤ እሷ ፊቷን ለማዞር ስትሞክር አፍንጫዋ አገጩን መታው። ከውስጥ የእማማ ሳቅ ተሰማ።

ደፉን ማንም እንዲነካባቸው አልፈለጉም። ሁለት ዓመት ሙሉ የልብስ ቁልፍ ተክለው ካገኙት ለብቻ አስቀምጠዋል። «አሥራ አንድ ጊዜ በሰው ደፍ ላይ ሻንጣ ይዤ ቆሜአለሁ» ይሉ ነበር። «ይህችኛዋን የምገዛት እኔ ነኝ።»

ያ ገንዘብ ነው አሁን በብብታቸው ያለው።

«እማማ፣ ወረፋው ረጅም ነው፤ ይደክምዎታል» አለች መምህርቷ። «ለኔ ይስጡኝና እከፍልልዎታለሁ።»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ተቀምጬ ሠርቻለሁ። ወንበር ካላቸው አይደክመኝም።»

ባሏ በጆሮዋ፣ «በቁጥር ሦስት መስኮት ያለችውን ሴትዮ ጠይቂ፤ ነገር አታበዛም» አላት። እሱ ሥራ እንደማይሄድ ያኔ ገባት፤ ሁለተኛውን ካልሲ መፈለግ ትቶታል።

ባንክ ቤቱ ውስጥ ቁጥር ይዘው ተቀመጡ። እማማ የሰዉን የልብስ ጠርዝ ይመረምራሉ። «ያ ሰውዬ ሱሪውን ማን ቀመቀመለት? ክሩ ነጭ ነው። ዓይን ያለው ሰው በጥቁር ሱሪ ላይ?» መምህርቷ አትሰማም። በሩን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥር ሦስትን ታያለች። ተማሪ ሳለች እንኳ ፈተና እንዲህ አላስፈራትም። ከዚህ መስኮት አንድ ቃል ካመለጠ አማቷ ዛሬ ማታ በአንድ ኪራይ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ በሰማንያ ዓመታቸው።

ቁጥራቸው ሲጠራ ወደ ቁጥር ሦስት፣ ወደ ብድር መስኮቱ ሄዱ። ሴትዮዋ የለችም። በቦታዋ አንድ ንጹሕ፣ ትሑት ወጣት ተቀምጧል፤ የእጅጌው ቁልፍ ወድቋል። ቁጥሩን ኮምፒዩተሩ ውስጥ አስገብቶ ፊቱ በራ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ። የናንተ ባለፈው ወር አልቋል። አራት ዓመት ቀድማችሁ ነው የጨረሳችሁት። እንዲያውም ትንሽ ተርፏችኋል፤ እንመልሳለን።»

መምህርቷ ዓይኗን ጨፈነች። የዘንድሮውን ምርቃት ገና አላሰላችውም ነበር። የሒሳብ መምህርት ሆና።

«ደፉስ?» አሉ እማማ።

«የምን ደፍ?»

«እማማ፣ ተጨርሷል እኮ፤ ቤት እንሂድና...» አለች መምህርቷ።

«ቆይ።» እማማ የወጣቱን እጅጌ ያዙ። «ይህን ቁልፍ የት ጣልከው?»

«ኪሴ ውስጥ አለ፣ እናቴ። ጊዜ አጥቼ...»

«አምጣ።»

ከኮሌታቸው ላይ መርፌዋ ወጣች፤ ክር ሁልጊዜም አላት። የወጣቱን እጅ ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው መስፋት ጀመሩ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው እግሩን ቀየረ።

«አሁን ንገረኝ፣ ልጄ» አሉ ቀና ሳይሉ። «እጅህን አታንቀሳቅስ፤ መርፌ ነው። በኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ክፍል መቼ ነው የተለቀቀችው?»

ወጣቱ ወደ መምህርቷ አየ። መምህርቷ ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች፤ አይሆንም ማለቷ ነው። እሱ ግን አልገባውም፤ ወይም መዋሸት አልለመደም።

«እናቴ፣ ባንክ በክፍል አይለቅም። እስካለፈው ወር ድረስ ሁሉም መያዣ ነበር።»

«ክፍሌም?»

«ክፍልዎም።»

«አልጋዬም?»

«አልጋውን አናውቀውም። ግድግዳውን ግን፣ አዎ።»

እማማ ክሩን ሦስት ጊዜ በቁልፉ አንገት አዞሩት፤ ቋጠሩት፤ በጥርሳቸው በጠሱት። የወጣቱን እጅ መለሱለት። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«የማን ሐሳብ ነው?»

መምህርቷ «የልጅዎ» ልትል ትችል ነበር፤ ሐሰትም አይሆንባትም። «የሁለታችንም ነው» አለች። «እሱ ነደፈው። እኔ እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

«አሥራ አራት ዓመት።»

«አዎ፣ እማማ።»

እማማ መሐረባቸውን ፈትተው ገንዘቡን በወጣቱ ፊት ደረደሩ። «የደፉን ተቀበል።»

«መቀበል አልችልም፣ እናቴ። ዕዳ የለም እኮ። ኮምፒዩተሩም እሺ አይለኝም።»

«ዕድሜዬን ሙሉ አምጪ ሲሉኝ ኖሩ» አሉ እማማ፣ መሐረቡን መልሰው እየቋጠሩ። «ዛሬ በገዛ እጄ ስሰጥ እምቢ።»

አውቶቡስ ተሳፈሩ። ከፊታቸው የተቀመጠችው ሴት ቀሚስ ዚፑ ላይ ተተርትሯል፤ እሱን እንኳ አይተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ያኔ መምህርቷ በእርግጥ ፈራች።

ባሏ የቤቱ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነበር። ፊታቸውን ሲያይ መንገድ ለቀቀ። እማማ ደፉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው የውሃ ጉድጓድ እንደሚሻገር ሰው እግራቸውን ከፍ አድርገው ተሻገሩት። ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ከውስጥ የሻንጣው ቁልፍ ተሰማ፤ ጠቅ፣ ጠቅ።

«ልትሄድ ነው» አለ ባልየው። «ልብሷን እየከተተች ነው።»

መምህርቷ ግድግዳው ላይ ተደግፋ አሰበች። አሥራ አራት ዓመት አስባ የማታውቀውን ያህል አሰበች።

«ሻንጣው ሙሉ ነው» አለች።

«እና?»

«ሙሉ ሻንጣ ይነሣል እንጂ አይከፈትም። የሚከፈተው ሊራገፍ ነው።»

ቆመው ጠበቁ። የቁም ሳጥኑ በር ሲጢጥ ሲል፣ ማንጠልጠያ ከማንጠልጠያ ሲጋጭ ሰሙ። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ገብታ ሁለቱን ኮሪደሩ ላይ ተጣብቀው ስታይ፣ «እናንተ፣ እዚህ መጣላት ክልክል ነው እኮ» አለች።

በሩ ተከፈተ። እማማ ባዶውን ሻንጣ በአንድ ጣታቸው አንጠልጥለው ወጡ፤ ለልጅ ልጃቸው ሰጧት።

«ለከርሞ ዩኒቨርሲቲ ስትሄጂ ይሆንሻል። እጀታውን አጥብቄልሻለሁ።» ከዚያ ወደ ልጃቸውና ወደ ምራታቸው ዞሩ። «አሥራ አንድ ሰው አስወጥቶኛል። እናንተ ደግሞ ዋሽታችሁ አስቀመጣችሁኝ። ልዩነቱን አላውቅም ብላችሁ ነው?»

ባልየው ሊያቅፋቸው እጁን ዘረጋ።

«አንተ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ደፉ አይቀባም። ያልከፈልኩበትን የኔ ነው አልልም። ውሸታችሁም የት እንደተቀመጠ ይታወቅ። አሁን ምሳ ስጡኝ፤ ያ የባንኩ ልጅ እጁን አላሳርፍ ብሎ አድክሞኛል።»

በተረፈው ገንዘብ፣ ባንኩ በመለሰውና በመሐረቡ ባለው፣ ለሁሉም አዲስ ጫማ ተገዛ። ፕላኑ ባለበት ቀረ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሰማያዊ፣ አንድ ነጭ። ባልና ሚስት መጣላት ሲያምራቸው አሁንም ከዚያች ደፍ ሌላ ቦታ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ብዙም አልተጣሉም። እማማም በወጡና በገቡ ቁጥር ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ደፉን ይሻገሩታል። ጉልበታቸው ሲያስቸግራቸው የበሩን መቃን ይይዛሉ፤ ግን አይረግጡትም። ፖስተኛው አይቶ፣ «እማማ፣ ወለሉ እርጥብ ነው እንዴ?» አላቸው። «አይደለም» አሉት፤ «የሰው ነው።»

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

መምህርቷ ዛሬም ከሁሉም ቀድማ ትነሣለች። መስኮቱን ትከፍታለች፤ ውሃ ትጥዳለች፤ ወረቀቶቿን በላስቲክ ታስራለች። ባሏ ካልሲውን ይፈልጋል። ከኮሪደሩ ጫፍ ካለው ክፍል ግን፣ እማማ ካረፉ ወዲህ፣ የስፌት መኪና ድምፅ አይሰማም። ልጃቸው ለእረፍት ስትመጣ ያንኑ ሻንጣ እየጎተተች ትገባለች። ደፉን መምህርቷ ትረግጠዋለች፤ ባሏም ይረግጠዋል፤ ልጃቸውም ትረግጠዋለች። ከፍ አድርጎ የሚሻገረው እግር የለም።